ለካስ! «ተርን አውት» በቆጋ ቦዮች ዳር

በመራዊና በቆጋ መስኖ ዙሪያ፣ በባሕር ዳር፣ በጣና ዳርቻ ባሉ ወረዳዎች ሁሉ ሬዲዮናችሁን ከፍታችሁ ለምትጠብቁን የዛሬውን የእንግሊዝኛ ትምህርት ይዘን ቀርበናል። ደብተር ያላችሁ አቅርቡ። ከብት እየጠበቃችሁ ወይም ምጣድ ጥዳችሁ የምታዳምጡም አትጨነቁ፤ የዛሬው ትምህርት ከእጅ ይልቅ ጆሮ ይፈልጋል።

ርዕሳችን ሁለት አጫጭር ቃላት ናቸው። «ተርን አውት»። ልድገመው፤ «ተርን አውት»።

«ተርን» ለብቻው ዞረ ወይም ታጠፈ ማለት እንደሆነ፣ «አውት» ደግሞ ውጭ ማለት እንደሆነ ከታችኛው ክፍል ጀምሮ ታውቃላችሁ። ሁለቱን ደምሮ «ወደ ውጭ ዞረ» ብሎ የሚተረጉም ተማሪ ግን ከሚያነበው ዓረፍተ ነገር ምንም አያገኝም። ቃላቱ ሲጣመሩ ሌላ ግሥ ይሆናሉና። መምህራን ፍሬዛል ቨርብ የሚሉት እንዲህ ያለውን ጥምረት ነው። ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። አማርኛ የሚማር የባሕር ማዶ ሰው «አለ» ማለት ተናገረ ማለት ነው ተብሎ ከተማረ በኋላ «ቁጭ አለ»፣ «ብድግ አለ»፣ «ፈቀቅ አለ» ሲባል ቢሰማ ማን ምን እንደተናገረ ግራ ይገባዋል። እኛ ደግሞ ሳናስበው ከአፋችን ይወጣል።

በየትምህርት ቤቱ ሃምሳና ስድሳ ፍሬዛል ቨርብ በአንድ ወገን፣ ትርጉማቸው በሌላ ወገን ተጽፎ ለፈተና ይሸመደዳል። ይህ አካሄድ ልጆቻችንን ይጎዳል ብዬ አምናለሁ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ የሚቀርብለት ተማሪ ቃሉን በኑሮው ውስጥ ሊያገኘው ይገባል። ስለዚህ ዛሬ አንድ ግሥ ብቻ ይዘን በአካባቢያችን እንዞራለን።

ከዋናው ትርጉም እንነሣ። ለዚህ የሚሆን ታሪክ ከደጃችን አለ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ሰከላ ወርዶ ከግሽ ዓባይ ምንጭ ደረሰ። ከዚያ የሚነሣው ግልገል ዓባይ የቆጋን ወንዝ ተቀብሎ ጣና ይገባልና ታሪኩ የእኛው ውሃ ታሪክ ነው። የሰከላ ሰው ምንጩን ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል፣ ያከብረዋልም። ብሩስ ግን ይህን ቦታ በማየት ከአውሮፓውያን የመጀመሪያው እኔ ነኝ አለ። አገሩ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው ትልቅ የጉዞ መጽሐፍም በዚሁ አቋሙ ጸና። ነገር ግን ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ ከእሱ 152 ዓመት ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1618፣ እዚያው ምንጭ ዳር ቆሞ ነበር።

ይህን ታሪክ የሰማ አማርኛ ተናጋሪ ምን ይላል? «ለካስ ፓኤዝ ቀድሞት ደርሶ ኖሯል!» ይላል። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ደግሞ እንዲህ ይለዋል፤ «ኢት ተርንድ አውት ዛት ፓኤዝ ሃድ ቢን ዜር ፈርስት።»

የዛሬው ቁልፍ እዚህ ጋ ነው፣ አድማጮቼ። «ለካ» ወይም «ለካስ» ብለን ዓረፍተ ነገር በምንከፍትበት ቦታ እንግሊዝኛው «ኢት ተርንስ አውት ዛት» ይላል፤ ነገሩ ያለፈ ከሆነ «ኢት ተርንድ አውት ዛት»። «ለካ» የሚል ሰው አስቀድሞ ሌላ ነገር ገምቶ ነበር ማለት ነው። እውነቱ ግን ከእሱ ተሰውሮ ቆይቷል፤ አሁን ተገለጠለት። «ተርን አውት» ይህን ሁሉ በሁለት ቃል ይይዛል። መዝገበ ቃላት «ሆኖ ተገኘ» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ትክክል ነው። የግርምቱን ስሜት የሚያመጣው ግን «ለካ» ነው፤ እኔ ተማሪዎች በ«ለካ» እንዲይዙት እመርጣለሁ።

ሁለተኛውን አሰካክ እንይ። አንድ የቆጋ ገበሬ የሽንኩርት ዘር ገዛ እንበል። ሻጩ አዲስ ዘር ነው ብሎታል። መደቡን አዘጋጅቶ ዘራ፣ አጠጣ፣ ጠበቀ። ከብዙው ጥቂቱ ብቻ በቀለ። ዘሩ የከረመ ኖሯል። በእንግሊዝኛ፤ «ዘ ሲድ ተርንድ አውት ቱ ቢ ኦልድ።» ቀስ ብዬ ልድገመው፤ «ዘ ሲድ... ተርንድ አውት... ቱ ቢ ኦልድ።» ዘሩ የከረመ ሆኖ ተገኘ። እዚህ ላይ «ኢት» አያስፈልግም፤ የሚነገርለት ነገር ራሱ፣ ማለትም ዘሩ፣ ከፊት ይቀመጣል። ከግሡ በኋላ «ቱ ቢ» ይከተላል።

አሁን «ሆነ» እና «ሆኖ ተገኘ» እንዳይምታቱባችሁ ጆሮ ስጡኝ። ከመራዊ ወደ ባሕር ዳር በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከአንዲት እናት አጠገብ ተቀምጣችኋል። ስለ ስንዴ ዋጋ፣ ስለ ልጆች ትምህርት እየተጫወታችሁ ትሄዳላችሁ። ባሕር ዳር ልትደርሱ ስትሉ ስልክ ይደወልላቸዋል፤ ስለ አንድ ሕመምተኛ መድኃኒት ሲያዝዙ ትሰማላችሁ። ለካስ ሐኪም ናቸው! «ሺ ተርንድ አውት ቱ ቢ ኤ ዶክተር።» በዚህ ጉዞ ላይ እሳቸው የተለወጡት ነገር የለም። የተለወጠው የእናንተ እውቀት ነው። ስለ እሳቸው የትምህርት ዘመን ስትናገሩ ግን «ሺ ቢኬም ኤ ዶክተር» ትላላችሁ፤ ተምረው ሐኪም ሆኑ። በፈተና ላይ እነዚህን ሁለቱን ለይቶ የሚያውቅ ተማሪ ብዙ ነጥብ ያተርፋል።

ሦስተኛው አሰካክ አጭር ነው። «ዘ ዊት ተርንድ አውት ዌል።» ስንዴው ሰመረ፣ ያማረ ውጤት ሰጠ። «ኤቭሪቲንግ ተርንድ አውት ፋይን።» ሁሉም በደህና አለቀ። ከዚሁ የሚወጣው ጥያቄም በጣም የሚጠቅም ነው፤ «ሀው ዲድ ኢት ተርን አውት?» ከፈተና ለተመለሰ ልጅ፣ ከፍርድ ቤት ለመጣ ጎረቤት፣ የመጀመሪያውን አቮካዶ ለቅሞ ገበያ ለሄደ ዘመድ የሚቀርብ ጥያቄ ነው። እንዴት ሆነልህ? መጨረሻው ምን ሆነ? ልብ በሉ፤ «ዲድ» ስለገባ ግሡ «ተርንድ» መባሉ ቀርቶ «ተርን» ሆኗል።

ተማሪዎቻችን ደጋግመው የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ። «ኢት ዋዝ ተርንድ አውት ዛት» እያሉ ይጽፋሉ። «ዋዝ» እዚህ ቦታ የላትም። ስሕተቱ ከየት እንደሚመጣ ግን ይገባኛል። በአማርኛ «ሆኖ ተገኘ» ስንል «ተገኘ» የተደራጊ መልክ አለው፤ አእምሯችን ያንን መልክ ወደ እንግሊዝኛው ይዞት ይሻገራል። ስለዚህ «ዋዝ» ሊመጣባችሁ ሲል በ«ለካ» አስቡት። «ለካ» ተደራጊ አያውቅም፤ «ዋዝ»ም ይቀርላችኋል።

ስለ አነጋገሩም ልጨምር። «ተርንድ» አንድ ትንፋሽ ነው፤ በመጨረሻው «ተርን-ኤድ» ተብሎ ለሁለት አይከፈልም። ፈጠን ተብሎ ሲነገር ድምፁ ከሚቀጥለው ቃል ጋር ይያያዛል፤ «ተርንዳውት»። በዜና ላይ «ተርንዳውት» የሚል ድምፅ ሲያመልጣችሁ የማታውቁት ቃል አይምሰላችሁ፤ ይኸው የምታውቁት ነው። አብራችሁኝ በሉ፤ «ኢት ተርንዳውት ዛት...»

[አጭር ፋታ]

እንደገና፤ «ኢት ተርንዳውት ዛት...»

[አጭር ፋታ]

ጥሩ ነው። አሁን ወደ ሁለተኛው ትልቅ ትርጉም እንለፍ። ይህ ትርጉም በ«ወጣ» ይፈታል።

ክረምቱ አልፎ የመስኖው ወቅት ሲቃረብ የቆጋ ቦዮች መጠረግ አለባቸው። ደለሉ ይወጣል፣ ሣሩ ይታጨዳል፣ የተናደው ጠርዝ ይጠገናል። አካፋና ዶማ ይዞ በተባለው ቀን መገኘት የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር አባል ግዴታ ነው። ማኅበራቱ በአዋጅ ቁጥር 841/2006 ሕጋዊ መሠረት ያገኙ ናቸው፤ የውሃ አባት መርጦ ውሃን በተራ የማከፋፈል ልማድ ግን በአገራችን ከአዋጁ በፊትም የኖረ ነው። በጠረጋው ቀን አባላቱ ሁሉ ሲመጡ እንግሊዝኛው እንዲህ ይላል፤ «ኦል ዘ ሜምበርስ ተርንድ አውት ቱ ክሊን ዘ ካናል።» አባላቱ በሙሉ ቦዩን ለመጥረግ ወጡ። «ወጡ» የሚለውን ስሙልኝ። ለጋራ ጉዳይ ከየቤቱ ተነሥቶ መገኘት ነው። አማርኛ ሲያጠብቀው «ነቅሎ ወጣ» ይላል፤ የጥምቀት ዕለት የባሕር ዳር ሕዝብ ነቅሎ ይወጣል።

ጣና ላይ እምቦጭ የተባለው አረም እ.ኤ.አ. በ2011 ከታየ ወዲህ በዘመቻ የወጣውን ሕዝብ አስታውሱ። ገበሬው፣ ተማሪው፣ ከሌላ ከተማ የመጣው በጎ ፈቃደኛ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለ። «ታውዛንድስ ኦፍ ፒፕል ተርንድ አውት ቱ ሴቭ ዘ ሌክ።» በሺህ የሚቆጠር ሰው ሐይቁን ለማዳን ወጣ። ይህን ዓረፍተ ነገር የጣና ዳርቻ ልጅ ሁሉ በቃሉ ቢይዘው እወዳለሁ፤ ለማንኛውም እንግዳ ስለ አገሩ የሚናገረው እውነት ነውና።

ከዚሁ ትርጉም ስም ይወለዳል። «ተርንአውት»፤ የወጣው ሰው ብዛት። ብዙ ሰው ከመጣ «ኤ ጉድ ተርንአውት»፣ ጥቂት ከመጣ «ኤ ፑር ተርንአውት» ይባላል። በምርጫ ሰሞን በዜና የምትሰሙት «ቮተር ተርንአውት» ድምፅ ለመስጠት የወጣውን ሕዝብ መጠን ይናገራል። ግሡና ስሙ በጆሮ ይለያሉ። ግሡን ስንናገር ክብደቱ ኋለኛው ላይ ያርፋል፤ ተርን አውት ብለን «አውት»ን እንጫናለን። ስሙ ሲሆን ክብደቱ ወደ ፊት ይመጣል፤ «ተርን» ላይ እንጫናለን። ስሙም ሲጻፍ አንድ ቃል ሆኖ ይጻፋል፤ ግሡ ሁለት።

ይኸው ስም በመስኖ መሐንዲሶች መጽሐፍ ውስጥ ሌላ ትርጉም አለው፤ ለቆጋ ሰው ደግሞ ከሁሉ የሚቀርበው ይህ ይመስለኛል። እስቲ የውሃውን መንገድ እንከተል። የቆጋ ግድብ ወደ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል፤ የተነደፈውም 7 ሺህ ሄክታር ያህል መሬት ለማጠጣት ነው። ከግድቡ የሚነሣው ዋና ቦይ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ውሃው ሌሊቱንም ሳይቋረጥ ይወርዳል፤ ሌሊት ግን ገበሬው ስለማያጠጣ በየብሎኩ በተሠሩ የሌሊት ማጠራቀሚያ ኩሬዎች ይጠራቀማል። ሲነጋ ከኩሬው ተለቅቆ ከትልቁ ቦይ ወደ መካከለኛው፣ ከመካከለኛው ወደ ትንሹ እያለ ማሳ ላይ ይደርሳል። ውሃው ከአንዱ ቦይ ወጥቶ ወደ ሌላው ወይም ወደ ማሳው የሚታጠፍበትን መዝጊያ ያለውን የውሃ በር መሐንዲሶች «ተርንአውት» ይሉታል። እዚህ ላይ ሁለቱ ቃላት በቁማቸው ይነበባሉ፤ ታጥፎ መውጣት። በግብርና ኮሌጅ ወይም በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ መስኖ የምታጠኑ ልጆች በመማሪያ መጽሐፋችሁ «ፋርም ተርንአውት» የሚል ስታገኙ የሰው ስብሰባ እንዳይመስላችሁ። የማሳ የውሃ በር ነው።

እግረ መንገዳችንን ሌላ ቃል እናንሣ። «ተርን» ለብቻው ስም ሲሆን ተራ ማለት ነው። «ኢት ኢዝ ማይ ተርን ቱደይ።» ዛሬ ተራው የኔ ነው። ቦይ ዳር ከዚህ የበለጠ የሚያስፈልግ ዓረፍተ ነገር የለም። ከላይ ያለው ሰው ተራውን ሳይጠብቅ በሩን ከከፈተ ከቦዩ መጨረሻ ያለው ወንድሙ ማሳ ይደርቃል። አትክልት ደግሞ ቀጠሮ አያራዝምም። የውሃ ተራን ማክበር የእንጀራ ጉዳይ ነው፤ ይህን በየትኛውም ቋንቋ ልንለው ይገባል።

ሦስተኛው ትርጉም ማምረት ነው፤ በብዛትና በተከታታይ እየሠሩ ማውጣት። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1961 ሥራ ጀመረ። «ዘ ፋክተሪ ተርንድ አውት ኮተን ክሎዝ።» ፋብሪካው የጥጥ ጨርቅ አመረተ። ለትምህርት ተቋምም ይነገራል። በሶቪየት ኅብረት ትብብር እ.ኤ.አ. በ1963 የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት ለአገሪቱ ቴክኒሻኖችን አፈራ፤ ኋላም ከዛሬው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ መሠረቶች አንዱ ሆነ። «ኢት ተርንድ አውት ስኪልድ ቴክኒሻንስ።» የሠለጠኑ ቴክኒሻኖችን አወጣ። በዚህ ትርጉም ከግሡ በኋላ የሚመረተው ነገር ወይም የሚሠለጥነው ሰው የግድ መጠቀስ አለበት።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ እንያቸው። «ተርን አውት ዘ ላይት» መብራቱን አጥፋ ማለት ነው። ለሬዲዮና ለቧንቧ ግን «ተርን ኦፍ» እንላለን እንጂ «ተርን አውት» አንልም። መብራት የሚለውን ቃል ትተን «ኢት» ካልን ደግሞ ቃሏ መሐል ትገባለች፤ «ተርን ኢት አውት»። «ተርን አውት ኢት» ብሎ የሚናገር የለም። እረኛ ከብቱን ከበረት አውጥቶ ሲያሰማራም «ሂ ተርንድ ዘ ካትል አውት» ይባላል። አከራይ ተከራዩን ከቤት ሲያስወጣ «ሂ ተርንድ ዘም አውት»። ኪሱን ገልብጦ ያለውን የሚያሳይ ሰው «ሂ ተርንድ አውት ሂዝ ፖኬትስ»። ለሠርግ ዘንጦ የመጣ ሰው ደግሞ «ዌል ተርንድ አውት» ይባላል፤ አለባበሱ ያማረ ማለት ነው።

አያችሁ፣ በእነዚህ ሁሉ «ወጣ» ወይም «አወጣ» አለበት። ከብቱ ከበረት ወጣ፣ ጨርቁ ከፋብሪካ ወጣ፣ ሕዝቡ ከቤት ወጣ፣ ውሃው ከቦይ ወጣ። ከ«ለካ» ጋር የሚሄደው ዋናው ትርጉምም ቢሆን እውነቱ ወጣ ማለት ነው። እኛም እኮ ስለ ልጅ ስናወራ «ጎበዝ ወጣው» እንላለን፤ እንግሊዝኛው «ሂ ተርንድ አውት ቱ ቢ ክሌቨር» ይላል። መብራቱ ብቻ ነው ከዚህ ወጣ ያለው፤ እሱን ለብቻው ያዙት።

አሁን ተራው የእናንተ ነው። ሦስት የአማርኛ ዓረፍተ ነገሮች እላለሁ፤ እናንተ በ«ተርን አውት» ትመልሳላችሁ።

አንደኛ፤ «ለካ በሩ ክፍት ኖሯል።»

[ፋታ]

«ኢት ተርንድ አውት ዛት ዘ ጌት ዋዝ ኦፕን።»

ሁለተኛ፤ «ድንቹ አምሮ ወጣ።»

[ፋታ]

«ዘ ፖቴቶስ ተርንድ አውት ዌል።»

ሦስተኛ፤ «ለስብሰባው ጥቂት ሰው ብቻ ወጣ።»

[ፋታ]

«ኦንሊ ኤ ፊው ፒፕል ተርንድ አውት ፎር ዘ ሚቲንግ።» እዚህ ላይ ከግሡ በኋላ ስም ስለመጣ «ፎር» ገብታለች። ቀደም ሲል «ቱ ክሊን» ስንል ሌላ ግሥ ስለተከተለ «ቱ» ነበረች።

ውድ ተማሪዎች፣ እስከሚቀጥለው ዝግጅታችን ድረስ ቤት ውስጥ፣ ገበያ ላይ፣ ቦይ ዳር «ለካ» ሲባል በሰማችሁ ቁጥር ዓረፍተ ነገሩን ያዙና በእንግሊዝኛ ጻፉት። የምትሳሳቱ ቢመስላችሁም ጮክ ብላችሁ ተናገሩት፤ ቋንቋ በአፍ ካልተለመደ በደብተር ብቻ አይያዝም። ወላጆችና ታላላቆች ደግሞ፣ እንግሊዝኛ ባትችሉም፣ ልጁ ሲለማመድ አትሳቁበት፤ «ለካስ» የሚሉ ወሬዎችን አውሩለት፣ እሱ ይተርጉም። መምህራን፣ ፍሬዛል ቨርብ ስታስተምሩ ከአካባቢያችሁ የተወሰደ አንድ ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ሳትጽፉ እንዳታልፉ አደራ እላለሁ።